ቲቸር ጌጤና ነጩ ቡቃያ

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ገበያ በር ላይ ቆሜ ለመቀቀያ የሚሆን ጥሬ ሙዝ ስመርጥ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ «አረንጓዴውን መረጥክ? ጎበዝ! እሱ ገና ሥራ ላይ ነው» አለኝ። ዞር ማለት አላስፈለገኝም። ሙዝን «ሥራ ላይ ነው» የሚል ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው።

በየከተማው የያዝከውን ነገር ሳያስረዳህ የማያስበላህ አንድ ሰው አለ። ውሃ ስትጠጣ ስለ ኩላሊት፣ ስታስነጥስ ስለ አፍንጫ፣ ዛፍ ሥር ስታርፍ ስለ ዛፉ ይነግርሃል። አልጠየቅከውም፤ ጠይቀኸውም አታውቅም። አንተ ለመሄድ አንድ እግርህን ስታነሳ እሱ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ከተማ መብራትና አስፋልት ቢኖረውም ገና መንደር ነው።

የእኛዋ ቲቸር ጌጤ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ቢጻፍ፣ ክብርት ቲቸር ጌጤ፣ የባዮሎጂ መምህርት በጡረታ፣ የቅጠል ሁሉ ጠበቃ፣ በአርባ ምንጭና አካባቢዋ የክሎሮፕላስት ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ነው። እዚህ ከተማ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ሾፌር፣ አንድ ዘመን እሳቸው ፊት ተቀምጦ የተሰነጠቀ ቅጠል ውስጡ ምን እንደሚመስል ሥሏል። እኔም ሥያለሁ። ሥዕሌ የተቀመጠ ግመል ይመስል ነበር።

ሙዙን ከእጄ ወሰዱና ቅርፊቱን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

«እዚህ ጋ ልብ በል! ሰው ቅጠል ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። ይሄ ቅርፊት አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ክሎሮፕላስት አለው። ክሎሮፕላስት ካለው ብርሃን ይይዛል። ብርሃን ከያዘ ስኳር ይሠራል።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ልቀቅለው ነው።»

«ቀቅለው! ማን ከለከለህ? ማንን እንደምትቀቅል ግን እወቅ።»

ሙዝ ሻጯ ሴትዮ ወደኔ ጠጋ ብላ «ወንድሜ፣ ሙዙንም እሳቸውንም ይዘህልኝ ሂድ» አለችኝ።

«እዚህ ጋ ልብ በል» የሚሉት አባባላቸው ያልደረሰበት ቦታ የለም። በሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ የዘንባባ ቀለበት ያሰረ ጎልማሳ እጁን ያዙና «ይሄ ጣትህ ላይ ያለው እስኪደርቅ ድረስ ስኳር እየሠራ ነው፤ ከእናቱ ተቆርጦም ሥራውን አላቆመም» አሉት። አንድ አባት በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ ሲያደርጉ ቲቸር ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ። ድምፃቸውን ቀነሱ፤ ትምህርቱን አልቀነሱም።

በአንድ ሰው ምርቃት ላይ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ ቀርቦ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው መሐንዲስ የመጀመሪያዋን የበቆሎ ድብልብል ገና ሲጎርስ «በአንድ ጉርሻ ስንት ፋብሪካ ዋጥክ?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ጉርሻውን እንዳይተፋ ሰው አለ፣ እንዳይውጥ ፋብሪካ ነው የተባለው፤ ጉንጩን ነፍቶ ማብራሪያው እስኪያልቅ ጠበቀ። አባያ ዳር አሳ ልንበላ ሄደንም ከአሳው ይልቅ ቃሪያውን ነበር ያነሱት። «ይሄ አረንጓዴው ሠራተኛ ነው። ቀዩ ጡረተኛ ነው። ክሎሮፕላስቱ ሥራውን ትቶ ቀለም ብቻ ሆኗል። ግን አያችሁ፣ ጡረተኛ ሆኖም ቢሆን ሰው ያየዋል» አሉን። ሳቅን። አሁን ሳስበው የሳቅነው እኛ ብቻ ነበርን።

ለቅሶ ቤትም አይቀርላቸውም። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለውን የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን አየት አድርገው ለባለ ሐዘኗ በጆሮዋ «ይሄ ቅጠል ለሟችም ለእኛም ምንም አልሠራም፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰነፍ ነው» አሏት። ባለ ሐዘኗ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ባሏ ከተቀበረ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያች ሴት ስለ ቲቸር ክፉ ሲወራ ከሰማች ትጣላለች።

ልጃቸው ሰሊሆም አዲስ አበባ ነው። በየሳምንቱ ይደውላል። የቲቸር ቅሬታ ኔትወርኩ ላይ ነው፤ ክሎሮፕላስት ጋ ሲደርሱ ይቆረጣል። «የሌላ ሰው ወሬ አይቆርጥም እኮ! የእኔን መርጦ ነው» ይላሉ። ሰሊሆምን አውቀዋለሁ፤ ስለ ኔትወርኩ ምንም አልልም።

እኚህን ሴት ሰምቶ የማይሰለች ሰው አንድ ነበር፤ ባላቸው ጋሽ ብርሃነመስቀል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የደን ባለሙያ ስለነበሩ ስለ ቅጠል ከቲቸር የሚያንስ እውቀት አልነበራቸውም። ነገር ግን ቲቸር ሲያስረዱ ሹካቸውን ሳሕኑ ላይ አስቀምጠው «እንዴ! እውነትሽን ነው?» ይሉ ነበር። ትናንት የሰሙትን ዛሬ እንደ አዲስ፣ ዛሬ የሰሙትን ነገ እንደ አዲስ። ፍቅር ምን እንደሆነ መጽሐፍ ሲበዛብኝ እኔ ያን የተቀመጠ ሹካ አስባለሁ።

እንግዲህ ሙዜን ይዤ ዳገቱ ላይ ወዳለው ሴቻ ሰፈር የሚወጣ ሚኒባስ ያዝኩ። ቲቸርም ገቡ። ጋቢና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ከኋላ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሀል። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ትምህርቱ ተጀመረ።

«ይሄ መኪና ቅጠል ቢሆን ፎቶሲንተሲስ የት ነው የሚካሄደው? አንተ ባለ መነጽሩ!»

«እ... ቅጠሉ ላይ?»

«ላይ አይደለም! ውስጥ ነው! ጣሪያው እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል እንጂ አይሠራም። ከጣሪያው ሥር ተጨናንቃችሁ በሰልፍ የተደረደራችሁት እናንተ ናችሁ ሠራተኞቹ። በእያንዳንዳችሁ ሆድ ውስጥ ክሎሮፕላስት ሞልቷል። ከሽፋኑ ሴሎች ደግሞ ክሎሮፕላስት ያላቸው በር ከፍተው በር የሚዘጉት ዘበኛ ሴሎች ብቻ ናቸው። ያውና!» ብለው ወደ ረዳቱ ጠቆሙ።

ረዳቱ ግማሽ አካሉ ውጭ ነበር። «ቲቸር፣ ክሎሮፕላስት ካለኝ ታዲያ ለምንድነው የሚርበኝ?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ቲቸርም ሳቁ። ሲስቁ ፊታቸው ለአፍታ ድሮ ሰሌዳው ጋ ቆመው የምናውቀው ሆነ።

ሾፌሩ አቡበከር ዳገቱን ሲጀምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውቤ፣ ቲቸር ሲቀላ ምን ሥራ ያላቸው ይመስልሃል?» አለኝ። እሱም እንደኔ የእሳቸው ተማሪ ነበር።

«ገበያ ነዋ።»

«እስኪ እጃቸውን እየው።»

በመስተዋቱ አየሁ። ዘንቢላቸው ታጥፎ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። ባዶ ነው።

«ጠዋት ይወርዳሉ፣ ገበያውን አንድ ዙር ዞረው ይወጣሉ። ከሰዓት ደግሞ ይወርዳሉ። ምንም አይገዙም። ባዶ መኪና ይዤ ስጠራቸው ‹ሂድ፣ ቀጣዩን እይዛለሁ› ይሉኛል። ሰው የሞላበትን ነው የሚመርጡት።» ማርሽ ቀየረ። «መኪናው የመማሪያ ክፍላቸው ነው እኮ። ዳገት ስለሆነ ተማሪ ጥሎ አይወጣም።»

ከዚያ በኋላ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ሴቻ ልንደርስ ስንል እንዲህ ሲሉ ነበር፦ «ጓሮዬ ውስጥ ነጭ የሙዝ ቡቃያ በቅሎልኛል። ከላይ እስከ ታች ነጭ! በዕድሜ ዘመን አንዴ ቢታይ ነው። ብዙ አይቆይም። ኑና እዩ፤ ቤቴ ከመውረጃው ብዙም አይርቅም።»

«እሺ ቲቸር፣ እንመጣለን» አሉ ተማሪዎቹ።

«እንመጣለን» የምትባለውን ቃል የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃታል። ሴቻ ስንወርድ ተማሪዎቹ እንደ ጥሬ ተበተኑ። ቲቸር ዘንቢላቸውን ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ሙዜን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩና «ቲቸር፣ ነጩን ቡቃያ አሁን ባየው?» አልኳቸው።

ቀጥ ብለው አዩኝ። «አሁን? ሥራ የለህም?»

«የለኝም።»

ነበረኝ። ግን የሚያልቅ ሥራ አልነበረም።

ጓሯቸው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ከሥር የአባያ ደፍራሽ ውሃ ተኝቶ ይታያል። ከጥግ የሙዝ ተክል ቆሟል። ከእግሩ ሥር አረንጓዴ ቡቃያዎች ከበውታል፤ ከነሱ መሀል አንዱ፣ እውነትም እንዳሉት፣ ቅጠሉም ግንዱም እንደ ወተት የነጣ ነበር። ከላዩ ጥቁር ጃንጥላ በእንጨት ታስሮለታል። ያን ጃንጥላ አውቀዋለሁ። ለካ ቲቸር በዚያ ፀሐይ ራሳቸውን በእጃቸው ከልለው የሚሄዱት ለዚህ ኖሯል።

«አረንጓዴው ልጅ ፀሐይን ይበላል» አሉ። «ይሄን ግን ፀሐይ ትበላዋለች። ክሎሮፕላስት የለውም። ቅጠል አለው፣ ውሃ አለው፣ አየር አለው፤ ምድጃው ነው የሌለው።»

«ታዲያ በምን ይኖራል?»

«በእናቱ። ከመሬት በታች አልተለያዩም። እሷ ላይ ሠርታ ታች ለታች ታበላዋለች።»

ከቡቃያው ፊት ለፊት ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች እንደ ቲያትር ቤት ተደርድረዋል። አንደኛው መቀመጫው ከመጠረግ ብዛት ያብለጨልጫል። ሁለተኛው ላይ ደረቅ ቅጠል ተከምሮበታል። ቅጠሉን በእጃቸው ጠርገው አስቀመጡኝ።

ያን ጊዜ ነው አጥሩን ያየሁት። በቲቸርና በጎረቤታቸው በአገኘሽ ግቢ መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት እንደነበረ አውቃለሁ። ጨው በዚያ ይሄዳል፣ ወንፊት በዚያ ይመለሳል። አሁን ክፍተቱ በቆርቆሮ ተዘግቷል። ሚስማሩ ገና አልዛገም።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ በር አልነበረም?»

ከአጠገቤ ባለው ወንበር ተቀመጡና ነገሩኝ። አገኘሽ ነጩን ቡቃያ አይታ ወደደችው። ደጃፌ ላይ ልትከለው፣ ስጡኝ አለች። እሳቸው ደግሞ፣ ቲቸር ጌጤ ናቸውና፣ ከእናቱ ከተለየ ይሞታል አሏት። አላመነችም። እዚህ አገር የእንሰትም ሆነ የሙዝ ችግኝ የጠየቀ ጎረቤት ባዶ እጁን አይመለስም። ችግኝ የነፈገ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሊሰጥ ይችላል?

«ቦርድ ላይ ሥዬ ላስረዳሽ አልኳት» አሉ። «ቦርድ እኮ አለኝ፤ ሳሎን ውስጥ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹ቲቸር፣ የጠየቅኩት ችግኝ ነው እንጂ ልጅዎን አይደለም› አለችኝ። በማግስቱ መዶሻ ሰማሁ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ብርሃነመስቀል ከሞተ በኋላ ማታ ማታ በዚያ ቀዳዳ ብቅ ትል ነበር። ሽንኩርቷን ወይ ጎመኗን ይዛ መጥታ እዚህ ትቀመጥና ትከትፋለች። እኔ አስረዳታለሁ። አንድም ቀን ሰምታኝ አታውቅም። ግን ትመጣ ነበር።»

ከቆርቆሮው ወዲያ የዕቃ መንኳኳት ተሰማ። አገኘሽ ጓሮዋ ውስጥ ነበረች። ቲቸር ቀና አሉና ድምፃቸውን ለአርባ ተማሪ በሚበቃ መጠን ከፍ አደረጉት።

«እንግዲህ ውብአየሁ፣ አንድ ተክል ክሎሮፕላስት ከሌለው የራሱን ምግብ መሥራት አይችልም! ይሄ ክፋት አይደለም! ንፍገትም አይደለም! የተፈጥሮ ሕግ ነው!»

ከወዲያ በኩል ሬዲዮ ተከፈተ። ከዚያ ድምፁ ተጨመረ።

  ሁለታችንም ወደ ነጩ ቡቃያ ዞርን። ንፋስ ሲመጣ አረንጓዴዎቹ ይንኳኳሉ፤ እሱ ከጃንጥላው ሥር ዝም ይላል። ሬዲዮው ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ ቲቸር ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ሰሌዳውን ይዘው የሚመጡ መስሎኝ ነበር። ዶማና ቢላ ይዘው ወጡ።

«ቲቸር፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ያዝልኝ ጃንጥላውን።»

«ከእናቱ ከተለየ ይሞታል አላሉም?»

«ይሞታል።»

«ታዲያ?»

ጎንበስ አሉ። አፈሩን በጥንቃቄ ከፈቱ፣ ሥሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን ጋ ደረሱ፣ ምግብ ከተከማቸበት ከእናቱ የሥር ጉርድ ጥቂት አስከትለው በቢላ ቆረጡት። ላድርገው ብላቸው አልሰጡኝም። ሲጨርሱ ነጩን ቡቃያ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ይዘው በውጭው በር ዞረው ወደ አገኘሽ ቤት ሄዱ። ጃንጥላውን በላያቸው ይዤ ተከተልኩ። ላየን ሰው ታቦት የምንሸኝ እንመስል ነበር።

አገኘሽ በሩን በከፊል ከፈተች። መጀመሪያ ቲቸርን አየች፣ ቀጥላ ቡቃያውን፣ ከዚያ ጃንጥላ ያዡን እኔን።

«ምንድነው ቲቸር?»

«የጠየቅሽኝ ነው።»

«ይሞታል ብለውኝ አልነበር?»

 የቲቸር አፍ ተከፈተ። ምድጃው፣ ዘበኛው፣ ጣሪያው፣ ስኳሩ፣ ሁሉም ከንፈራቸው ላይ ተሰልፈው አየኋቸው። አፋቸው ተመልሶ ተዘጋ።

«ጥላ ያለበት ትከይው» አሉ። በቃ፤ ይሄን ብቻ።

ያን ያህል ዓመት ሳውቃቸው፣ የሚያውቁትን ነገር ሲውጡት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። 

አገኘሽ ቡቃያውን ተቀበለች። «ንጣቱ! እዩት እስቲ» አለች ለራሷ። ቲቸር ሊሰናበቱ እጃቸውን ዘረጉና አፈር መሆኑን ሲያዩ አጥፈው የእጃቸውን አንጓ ሰጡ። የአገኘሽም እጅ ቡቃያውን ስትቀበል አፈር ነክቶት ነበርና እሷም አንጓዋን ሰጠች። አንጓ ለአንጓ ተነካኩ። «ግቡ እንዳልል ቤቱ አልተጠረገም» አለች አገኘሽ፤ ዓይኗ ከቡቃያው ላይ አልተነሳም። በሩ ተዘጋ። ሬዲዮው ግን ቀነሰ፤ ወይም ለእኔ የቀነሰ መሰለኝ።

ስንመለስ ቆርቆሮው እንደተመታ ነበር። ነጩ የነበረበት ጉድጓድ አፉን ከፍቷል፤ ቲቸር አፈሩን በእግራቸው መለሱበት። ሙዜን ሳነሳ ከፍሬው ግማሹን ገንጥዬ ወንበሩ ላይ ተውኩላቸው። ነገ የቀረውን ለመውሰድ እመለሳለሁ አልኩ። ሰው እንዲህ ምክንያት ፈጥሮ ሊመጣላቸው የሚገባ ሴት መሆናቸውን ያወቅኩት የገዛ አፌ ሲናገር ስሰማ ነው።

እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ማዘንበል ጀምራ ነበር። ባዶውን ጃንጥላ እንደ ከዘራ ይዘውት ነበር የሚሄዱት። ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ስለ አስፋልቱ ዳር ሣር አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ይሄ አሳሰበኝ።

«ቲቸር፣ አዘኑ?»

«ለምኑ?»

«ለቡቃያው። እያወቁት ነው እኮ የሰጧት።»

ወደ አገኘሽ ቤት በኩል አንገታቸውን መለስ አድርገው አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ የፈተና ቀን ብልጭታቸው ነበር።

«ከታች ጥቂት ስንቅ አስይዤዋለሁ፤ እሱን በልቶ እስኪጨርስ ይቆያል። ከዚያ መጠውለጉ አይቀርም። ሲጠወልግባት ደግሞ ‹ቲቸር፣ ምን ሆኖብኝ ነው?› ብላ መምጣቷ አይቀርም፤ እሱን ለማስረዳት ደግሞ፣ ውብአየሁ፣ አንድ ማታ አይበቃም።»